ጅራት የሌለው ዜማ

ኢንስፔክተር የወይንሐረግ ከጋሽ ሀብተወልድ ግቢ የደረሰችው በዋናው መንገድ ሳይሆን የታጨደውን የጤፍ ማሳ አቋርጣ ነው። ጭጎጎቱ ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ ወርሮታል። ሌላ መንገድ አልነበረም። የጅማው አስፋልት ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ በድንጋይና በሚነድ ጎማ ተዘግቷል፤ ከዓለም ገና ወዲህ የሚገባ፣ ከሰበታ ወዲያ የሚወጣ መኪና የለም። የአዲስ አበባው ማስተር ፕላን ነገር ከተነሣ ወዲህ፣ በዚያ በ2008 ታኅሣሥ፣ ሰበታም ቡራዩም ሱሉልታም እንዲህ እየተዘጉ እየተከፈቱ ሰንብተዋል። ሲዘጉ ሰው ባለበት ይቀራል፤ ሲከፈቱ ደግሞ ማን እንደጎደለ ይታወቃል።

በሩን የከፈቱላት ኦቦ ደበላ ናቸው። የሟቹ የጋሽ ሀብተወልድ የሠላሳ ዓመት ጎረቤት ናቸው፤ በስልክ የጠሯትም እሳቸው።

«አካም ቡልተን፣ ኦቦ ደበላ?»

«ሰላም ነው እንዳልል ሰው ሞቶብኛል፣ ኢንተለ ኮ፣ ልጄ። ግቢ። ገዳዩን አስረን ይዘነዋል።»

«ከያዛችሁትማ እኔን ለምን አለፋችሁኝ?»

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አደረጉ። «ልጁን ሳየው ልቤ አልቆርጥ አለኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ልጁ ከግቢው መሐል በቆመ ሚኒባስ የፊት መከላከያ ብረት ላይ በገመድ ታስሮ ተቀምጧል። ሁለት እጆቹ እስከ ጣቶቹ ጫፍ በጨርቅ ተጠቅልለዋል፤ ጨርቁም ሸሚዙም ደም ነክቷቸዋል። የወይንሐረግ አጠገቡ ሳትደርስ ስልኳ ጮኸ። አለቃዋ ነው።

«አሽከርካሪው ተይዟል አሉኝ። መንገዱን ሊከፍት የሚመጣው ኃይል ዛሬ እዚያ ይደርሳል። አስረክቢያቸው፤ በረብሻው ከተያዙት ጋር ይጫናል።»

«ጌታዬ፣ ይሄ የነፍስ ግድያ ነው እንጂ ረብሻ አይደለም።»

«እጁ የቆሰለው ድንጋይ ሲያንከባልል ነው ተብሏል አይደል? ሁለቱም በእሱ ላይ ነው። መኪናው እስኪመጣ ጠብቂው» ብሎ ዘጋው።

የወይንሐረግ ስልኳን ኪሷ ከተተች። መዝገብ የተከፈተለት ሰው ክፉም ሆነ ደግ ፍርድ ቤት ይደርሳል። በዚያ መኪና የተጫነ ልጅ ግን የት እንደሚወርድ የሚያውቅ የለም፤ እናቱ ስንቅ ቋጥራ ከበር በር ስትንከራተት ነው የምትከርመው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለች ለራሷ፣ ከዚያም ጎንበስ ብላ ገመዱን መፍታት ጀመረች።

«ቢያመልጥስ?» አሉ ኦቦ ደበላ።

«ወዴት? ሁላችንም እዚሁ ነን። ስምህ ማነው?»

«ከድሩ።»

«ማንን ይዘህ መጣህ?»

«ሴትየዋን ከሱሉልታ፣ ሰውዬውን ከቡራዩ። ኮንትራት ነው። ለሽማግሌው መጽሐፍ እናድርስ አሉኝ። እዚህ ስንደርስ ልጆቹ አስቁመው ‹ውረድና አንከባልል› አሉኝ። እምቢ ብል መኪናዬን ያነዱታል። አንከባለልኩ። ከዚያ ጥይት ሲተኮስ እዚህ ግቢ ገባን።»

«የት አደርክ?»

«መኪናዬ ውስጥ። ጠዋት ውሃ ልለምን የሽማግሌውን በር ገፋ ሳደርግ ወድቀዋል። ቀና ላደርጋቸው ሞከርኩ። ደሙ የእኔም የሳቸውም ነው።»

«ማታ ከሌሎቹ የተለየኸው መቼ ነው?»

ከድሩ መሬት መሬት እያየ መለሰ። «የሽማግሌው ሙዚቃ ካለቀ በኋላ። ሻማ ሲመጣ እኔ ወደ መኪናዬ ወጣሁ። እነሱ እስኪነጋ አብረው ነበሩ። እውነቱን ነው የምነግርዎት፤ እውነቱ ግን እኔኑ ነው የሚያስረኝ።»

ጋሽ ሀብተወልድ ዓይነ ስውር ነበሩ፤ ጡረታ እስኪወጡ ሙዚቃ ሲያስተምሩ የኖሩ። ክፍላቸው ከዋናው ቤት ጀርባ ያለችው ሰርቪስ ናት። ኮርኒሷ ላይ አምፖል የለም፤ ለማይጠቀምበት ሰው ማን ይሰቅላል? ሽማግሌው በብረት አልጋቸው እግርጌ በጎናቸው ወድቀዋል። የአልጋው ማዕዘን ላይ ደም ደርቋል። አንድ ጊዜ ተገፍተው፣ አንድ ጊዜ ወድቀው፣ በዚያው ያለፉ ይመስላሉ። መደርደሪያው ላይ ወፋፍራም የብሬል ጥራዞች ተደርድረዋል፤ በመሐላቸው ገጾቹ በቀይና በአረንጓዴ እስክሪብቶ የተሰመሩ ቀጭን መጽሐፍ ቅዱስ ተሰክቷል። የወይንሐረግ አውጥታ ገለጥ ገለጥ አደረገችውና መልሳ ሰካችው።

በግቢው ያደሩት ሌሎች ሦስት ሰዎች በሩ ላይ ቆመው ነበር። ደመቀች የሟቹ የእህት ልጅ ናት፤ አብራቸው የኖረች፣ ዓይናቸውም እጃቸውም የሆነች፣ አሁን ፊቷ በለቅሶ ያበጠ። ከጎኗ ከቡራዩ የመጣው ግዙፉ አናጢ ባርናባስ ቆሟል። ሦስተኛዋ ከሱሉልታ የመጣችው ሩሃማ ናት፤ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን መሪ፣ ቀጭንና ጽዱ ሴት፣ ባለ ዚፕ የቆዳ መያዣ ያለው መጽሐፍ ቅዱሷን ደረቷ ላይ አቅፋለች።

«ለነፍሳቸው አንድ መዝሙር አንብቢላቸው» አላት ባርናባስ።

ሩሃማ ዓይኗን ጨፍና ከመዝሙረ ዳዊት አንዱን በቃሏ አለችው፤ አንድ ቃል ሳትስት፣ ዚፑንም ሳትከፍት። ደመቀች ሲቃ ይዟት ወደ ግድግዳው ዞረች።

ሌሎቹ ሲወጡ የወይንሐረግ ደመቀችን አስቀረቻት። ጠረጴዛው ላይ ባለ ስድስት ማዕዘን፣ በሁለት እጅ የሚያዝ፣ መሐሉ እንደ አንጥረኛ ወናፍ የሚለጠጥ ትንሽ የሙዚቃ መሣሪያ ተቀምጧል። ግራና ቀኝ እጅ የሚገባባቸው የቆዳ ማሰሪያዎች አሉት።

«ይሄ ምንድነው?»

«ኮንሰርቲና። ልጅ ሆነው ያስተማራቸው ሚስዮናዊ የሰጣቸው ነው። ከሳቸው በቀር ማንም አይነካውም፤ እኔ እንኳን አቧራውን ስጠርግ ቆጣ ይላሉ።»

«የማታውን ንገሪኝ።»

«መብራት ሄዷል። መንገዱ ላይ ይተኮሳል። እኔና ከድሩ ሳሎን ወለሉ ላይ ተቀምጠን ነበር። የከድሩን እጅ በጨው ውሃ እያጠብኩለት ሳለ ከጋሼ ክፍል አንድ ነገር ዱብ አለ። ‹ጋሼ፣ ደህና ነዎት?› ብዬ ተጣራሁ። ትንሽ ቆይቶ መጫወት ጀመሩ። ተመስገን አልኩ።» ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «ብቻ ጨርሰውት ሞቱ።»

«ምኑን?»

«ዜማውን ነዋ።»

ኦቦ ደበላ ከደጅ ሆነው ጣልቃ ገቡ። «ጅራት የሌለው ዜማ እያልኩ ስንት ዘመን አሹፌባቸዋለሁ። ማታ ማታ ይጀምሩታል፣ ያምራል፣ ልክ ሊያልቅ ሲል ቀጥ። መጨረሻው ጠፍቶባቸው ነው። ያንን መጽሐፍ ያሳደዱትም ለዚሁ ነው፤ ዜማው እዚያ ውስጥ አለ ይሉ ነበር።»

«ትናንት ግን አልቆመም?»

«እስከ መጨረሻው ሄደ» አለች ደመቀች። «በጨለማው ‹ጨረሱት!› ብዬ ጮህኩ፤ ከድሩ ይመስክር። ደስ አለኝ። በኋላ እራት ይዤ በራቸውን ባንኳኳ መልስ የለም። በደስታቸው ላይ ናቸው፣ አልረብሻቸው ብዬ ተመለስኩ። ብገባ ኖሮ...»

የወይንሐረግ እጇን ትከሻዋ ላይ አሳረፈች። ከዚያ በኋላስ ብላ ስትጠይቃት፣ ሻማ ከመጣ ጀምሮ ከሩሃማና ከባርናባስ ጋር ሳሎን እንዳደሩ ነገረቻት።

መጽሐፉ ግን የለም። ትራስ ሥር፣ ሣጥን ውስጥ፣ ቦርሳዎች፣ የሚኒባሱ ወንበር ሥር ሳይቀር ተፈተሸ። ከግቢው ማንም አልወጣም፤ ዙሪያው እሳትና ጥይት ነው። እንግዲህ መጽሐፉም እንደነሱ እዚሁ ተዘግቶበታል ማለት ነው።

ባርናባስን ሳሎን አስቀመጠችው። ወንበሩ ጠቦታል፤ ጣቶቹ እንደ መዶሻ እጀታ ናቸው።

«መጽሐፉ ከየት መጣ?»

«የእናቴ ነው። የኮንሰርቲና መማሪያ። መጽሐፉን ባተመው የሚስዮን ማተሚያ ቤት ውስጥ ጠራዥ ነበረች። ማተሚያ ቤቱ ሲዘጋ የተረፈው ሁሉ ለቆሎ መጠቅለያ ሆኖ አለቀ ትል ነበር። ሰሞኑን ቤቴ ላይ ቀይ ምልክት ቀቡበት፤ ሊፈርስ ነው። ኮርኒሱን አውርጄ እንጨቱን ላተርፍ ስል አንድ ቅጂ ዱብ አለ። ሁለት ሰው ይፈልገው እንደነበር በመጽሐፍ ሻጮች በኩል ሰምቻለሁ፤ ጋሽ ሀብተወልድና ይቺ ሩሃማ። ለሁለቱም ደወልኩ።»

«ከጋሽ ሀብተወልድ ጋር ለምን ተጨቃጨቃችሁ?»

«ማን ነገረዎት?»

«ስስ ግድግዳ ነው ያለው።»

ባርናባስ ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ። «ላውሳቸው እንጂ ልሰጣቸው አልመጣሁም። ቤቱ ከፈረሰ ከእናቴ የሚቀረኝ እሱ ነው። ቆጣ አልኩ። ኋላ አፈርኩ፤ ሽማግሌ ሰው ለዚህች ዕድሜውን ሙሉ ሲለፋ። መብራት ከሄደ በኋላ ሄጄ እጃቸው ላይ አስቀመጥኩት። ‹ሲነጋ ታነብልኛለህ› አሉኝ። እንዳሰርኩት ነው፤ ሲባጎው እንኳን አልተፈታም።»

«እንዴት ነው ዜማ የሚነበበው?»

«እያንዳንዱ ቁልፍ ቁጥር አለው። ወናፉን ሲገፉት አንድ ድምፅ ይሰጣል፣ ሲስቡት ሌላ። መጽሐፉ ቁጥሩን ይነግርና ግፋ ወይም ሳብ ይላል። ማንበብ ለቻለ ቀላል ነው።»

«ሩሃማ አይታዋለች?»

«መኪና ውስጥ ፈተህ አሳየኝ ብላ ለምናኝ ነበር። አልፈታሁም።»

ሩሃማ ስትገባ የተቀመጠችው ጫፍ ላይ ነው፤ መያዣዋን ጭኗ ላይ አድርጋ።

«መጽሐፉን ለምን ፈለግሽው?»

«ለአባቴ መታሰቢያ። ወንጌላዊ ዘርሁን ይባላል። ከጋሽ ሀብተወልድ ጋር ከአንድ ሚስዮናዊ ነው ኮንሰርቲና የተማሩት። ለመጪው ገና መዘምራኖቻችን እሱን እናስበዋለን፤ መጽሐፉ ቢገኝ ለእይታ አቀርበው ነበር። እንዳለመታደል ግን አይቼው አላውቅም።»

«አንቺም ትጫወቻለሽ?»

«እኔ ኪቦርድ ነው። ኮንሰርቲና ነክቼ አላውቅም።»

«መብራት ጠፍቶ ያ ሙዚቃ ሲሰማ የት ነበርሽ?»

«ማድ ቤት፣ ሻማ ስፈልግ። ይዤ ስገባ ሙዚቃው አልቆ ነበር። ከዚያ በኋላ እስኪነጋ ከደመቀች ጎን አልተነሣሁም፤ ጠይቂያት።»

የወይንሐረግ አልጠየቀችም፤ ደመቀች ቀድማ ነግራታለች። ሁሉም አንድ ነገር ነው የሚሉት። ሽማግሌው ሲጫወቱ ተሰሙ፤ ስለዚህ በሕይወት ነበሩ። ከዚያ በኋላ ሦስቱ አብረው አደሩ፣ ከድሩ ብቻ ውጭ ነበር። እንዲህ ጥርት ያለ ነገር ሲገጥማት የወይንሐረግ ሁልጊዜ ይከፋታል። ሕይወት እንዲህ ተጠርጎ አይጠብቅም፤ ከተጠረገ የጠረገው ሰው አለ።

ብቻዋን ወደ ሰርቪሷ ተመልሳ ኮንሰርቲናውን አነሣችው። ቀኝ እጇን በማሰሪያው ውስጥ ሰደደች፤ በልኳ የተሰፋ ይመስል ጥብቅ ብሎ ያዛት። እጇ ትንሽ ነው፤ የፖሊስ ማሠልጠኛ ውስጥ ሽጉጡ ያስቸግራት እንደነበር ትዝ አላት። ማሰሪያውን ወደ ብርሃን አዞረችው። ዘለበቱ የተቆለፈው የመጨረሻው ቀዳዳ ላይ ነው። ቀዳዳው ገና አዲስ ነው፣ ጠርዙ እንኳን አልላላም። ከእሱ ራቅ ብሎ ያለው ሌላው ቀዳዳ ግን በዘመን ብዛት ተለጥጦ፣ በላብና በወዝ ጠቁሯል። የግራውም እንደዚሁ ነው።

ተንበርክካ የሟቹን እጅ አነሣች። ሰፊ እጅ ነው። ማሰሪያውን አስጠጋችው፤ አራቱ ጣቶች ገብተው መዳፉ ጋ ቆመ።

ከአስፋልቱ በኩል የዶዘር ድምፅ መጣ። ድንጋዩ እየተጠረገ ነው። ከኋላው ከባድ መኪና ያጓራል። የወይንሐረግ እጁን በቀስታ መሬት ላይ መልሳ ተነሣች።

ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ከድሩ በሩ አጠገብ ቆሞ ጆሮው ውጭ ውጭ ነው። የዶዘሩን ድምፅ በሰማ ቁጥር የተጠቀለሉ እጆቹን ወደ ሆዱ ይስባል። ኮንሰርቲናው መሐል ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል።

«መኪናው እየመጣ ነው» አለች የወይንሐረግ። «ከድሩን ሊወስዱት ነው የሚመጡት። ስለዚህ ቶሎ እንጨርስ። ደመቀች፣ ጋሼ ያንን ዜማ ለምን አይጨርሱትም ነበር?»

«መጨረሻው ስለጠፋባቸው።»

«ትናንት ማን ነገራቸው?»

ደመቀች ወደ ባርናባስ አየች። ባርናባስ ራሱን ነቀነቀ። «እኔ አላነበብኩላቸውም። ጨለማ ነበር አልኩ እኮ።»

«እሳቸውም በዓይናቸው አያነቡም፤ መጽሐፉም እንደታሰረ ነው። ታዲያ ስንት ዘመን የጠፋ ነገር በጨለማ ከየት መጣ?» የወይንሐረግ ኮንሰርቲናውን አንሥታ ማሰሪያውን አሳየቻቸው። «የጋሼ እጅ በዚህ አይገባም። ሞክሬዋለሁ። ይቺ ጠቆር ያለችው ቀዳዳ ናት የሳቸው። አንድ ሰው በራሱ ልክ አጥብቆት ተጫውቷል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ ይሄኛው ግን በሩጫ ታጥቆ መፍታቱ ተረሳ።»

ኦቦ ደበላ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«እንግዲህ እናንተ የሰማችሁት ጋሼን አልነበረም» ብላ ቀጠለች። «ዱብ ያለው እሳቸው ሲወድቁ ነው። ደመቀች ‹ደህና ነዎት?› ብላ ተጣራች። ካልተመለሰላት መጥታ በሩን ልትከፍት ነው። ገዳዩ በእሳቸው ድምፅ መመለስ አይችልም፤ በኮንሰርቲናቸው ግን ይችላል። ስለዚህ ከድሩ ወጥቶ የሄደው ጋሼ ከሞቱ በኋላ ነው። እሱም ሆነ ደመቀች ሙዚቃው ሲሰማ እዚህ ወለል ላይ ነበሩ፤ እጁን እያጠበችለት። በነዚህ ጣቶችስ ምን ቁልፍ ይነካል?»

«እኔስ?» አለ ባርናባስ።

«አንተ እጅህን ተመልከት።»

ባርናባስ ተመለከተና ጠረጴዛው ሥር ከተታቸው።

ሩሃማ ቀና አላለችም። «ኮንሰርቲና አልነካሁም አልኩሽ» አለች።

«ብለሽኛል። ደመቀች፣ ዜማውን አንጎራጉሪው። እሳቸው እንደሚያደርጉት፤ የሚቆሙበት ስትደርሺ ቁሚ።»

ደመቀች መጀመሪያ እምቢ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ድምፅዋ እየተቆራረጠ ጀመረችው። ዘገምተኛ፣ ደረጃ እንደሚወርድ ሰው ረጋ ያለ ዜማ ነው። ሊያልቅ ሲል ቀጥ አለች። ሩሃማ ግን አልቆመችም። አፏ እንደተዘጋ ነው፤ መያዣው ላይ ያሉት ቀጫጭን ጣቶቿ ግን አንዱ ሌላውን እያስከተለ ቆዳውን ይጫኑታል፤ ዜማው ቤቱ እስኪገባ ድረስ። ሁሉም አያት። እሷ ራሷ ዘግይታ ነው ያየችው። ጣቶቿን ሰበሰበች።

«ዚፑን ክፈቺው» አለች የወይንሐረግ። «ጠዋት ሬሳ ላይ ስትጸልዪ ሳትከፍቺው በቃልሽ ስትይ አደነቅኩሽ። ኋላ ግን ሳስበው፣ ዓይነ ስውር ሰው መጽሐፍ ቅዱስ ላይ በቀይና በአረንጓዴ አያሰምርም። መጽሐፍ ቅዱስሽ የጋሼ መደርደሪያ ላይ ነው። መያዣው ውስጥ ያለው ምንድነው?»

ሩሃማ ዚፑን ራሷ ከፈተችው። ከውስጡ ሽፋኑ የነጣ፣ ጠርዙን ብል የነካው ቀጭን መጽሐፍ ወጣ። ባርናባስ እጁን ሊዘረጋ ብሎ ተወው።

«አባቴ ያንን ዜማ ለሌላ ሰው ተጫውቶት አያውቅም» አለች ሩሃማ። ድምፅዋ ደርቋል። «ማታ ማታ በሩን ዘግቶ ለእኔ ብቻ። ‹ስትወለጂ ለአንቺ የሠራሁት ነው› ይለኝ ነበር። ኮንሰርቲናም ያስተማረኝ በእሱ ነው። ሲሞት ሣጥኑን ስከፍት ይሄንን መጽሐፍ አገኘሁ። ዜማው የመጨረሻው ገጽ ላይ ታትሟል፤ እኔ ሳልወለድ፣ እሱም ልጅ ሳለ። ከሥሩ የሌላ ልጅ ስም አለ። የአባቴን ቅጂ አቃጠልኩት። ከዚያ ሌላ የቀረ እንደሆነ መፈለግ ያዝኩ። መዘምራኖቹ ዜማውን በእሱ ስም ተለማምደዋል፤ ለገና ሊዘመር ነው።»

«ሁለት ሰው አንድ መጽሐፍ ሲፈልግ» አለች የወይንሐረግ፣ «አንዱ ሊያስነብበው፣ አንዱ እንዳይነበብ።»

«ለመንኳቸው። እግራቸው ላይ ወደቅኩ። ‹ልጄ፣ አባትሽን አልከሰውም፤ ዜማዬን ብቻ ልስማው› አሉኝ። መጽሐፉን ልነጥቃቸው ስታገል ገፋኋቸው። ጨለማ ነበር፤ አልጋው የት እንዳለ አላየሁም። ደመቀች ስትጣራ ምን ላድርግ? ያው የማውቀው እሱን ዜማ ነው። ዘወትር የት ላይ እንደሚያቆሙት እኔ በምን አውቃለሁ?»

«‹ዜማዬን› ነው ያሉሽ?» አለች ደመቀች።

የወይንሐረግ የመጨረሻውን ገጽ ገልጣ አነበበችላት። «‹በተማሪ ሀብተወልድ የተዜመ።›»

ደመቀች ገጹን በጣቷ ዳሰሰችው። ጋሼ አንድም ቀን የእኔ ነው ብለው አልነገሯትም። ልጅ ሆነው የሠሩትን፣ የረሱትን የራሳቸውን መጨረሻ ነበር በየመጽሐፍ ሻጩ ሲያስፈልጉ የኖሩት። ተነሥታ ሩሃማ ፊት ቆመች። ልትመታት ነው ብሎ ባርናባስ ወንበሩን ገፋ አደረገ፤ አልመታቻትም።

«ማታ እሳቸው መስለውኝ ነው ደስ ያለኝ» አለቻት። «ያንን ደስታዬን መልሽልኝ።»

ሩሃማ ወለሉ ላይ ወርዳ ማልቀስ የጀመረችው ያን ጊዜ ነው።

የግቢው በር ተደበደበ። ኦቦ ደበላ ሲከፍቱ መለዮ የለበሰ ሰው ገባ፤ ከኋላው በሸራ የተሸፈነ የጭነት መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል። በሸራው ክፍተት የልጆች ጫማ ይታያል።

«አሽከርካሪው የታለ?»

የወይንሐረግ ከድሩ ፊት ቆመች። «እሱ ምስክሬ ነው። የነፍስ ግድያ መዝገብ ከፍቻለሁ፤ ምስክሬ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ከእኔ አይለይም።»

«እጁ ምን ሆነ?»

«መኪናውን እንዳያቃጥሉበት ብሎ ነው። አንተም ብትሆን ታንከባልል ነበር።»

ሰውየው አያት፤ የማዕረግ ምልክቷን አየ፤ ወለሉ ላይ የምታለቅሰውን ሴት አየ። ሌላ ብዙ በር ይጠብቀዋል። ትከሻውን ሰብቆ ወጣ። መኪናው ሲሄድ ከድሩ ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተ። የወይንሐረግ አንዱን አስቀረች እንጂ የሌሎቹ ጫማ ከዓይኗ አልጠፋም።

ሩሃማን በእግር ልትወስዳት ወሰነች፤ ኦቦ ደበላ አብረው ሊሸኙ ጋቢያቸውን አጠበቁ። ግቢውን ሲያቋርጡ ከኋላቸው የኮንሰርቲናው ድምፅ ተሰማ። ደመቀች ማሰሪያውን ወደ ድሮው ቀዳዳ መልሳ ለባርናባስ ሰጥታዋለች። ቁጥሩን እያነበበች ትነግረዋለች፣ እሱ በነዚያ ጣቶቹ አንድ አንዱን እየፈለገ ይጫናል። ዜማው እየተደናቀፈ፣ እየተመለሰ፣ ጋሽ ሀብተወልድ ይቆሙበት ከነበረው ቦታ ደረሰ። ቀጥ አለ። ገጽ ሲገለጥ ተሰማ። ቀጣዩ ድምፅ ተሳስቶ ወጣ፤ ደግሞ ሞከረው፣ ደግሞ ተሳሳተ።

ሩሃማ በሩ ላይ ቆመች። ወደ ኋላ አልዞረችም።

«ያቺ በመግፋት ናት» አለች። «እየሳበ ነው።»

ጮክ ብላ አልነበረም፤ ግን ግቢው ፀጥ ብሎ ስለነበር ተሰማ። ከውስጥ የደመቀች ድምፅ መጣ።

«ግፋው።»

ባርናባስ ገፋው፤ ትክክለኛው ድምፅ ወጣ፣ ቀጣዩም ተከተለው። የወይንሐረግ የሩሃማን ክንድ ይዛ ልትመራት ነበር። እጇን መለሰችና ዜማው እስኪያልቅ ጠበቀቻት።